ለአምባሳደሯ የጻፍኩት የድጋፍ ደብዳቤ

እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሥራዬ ነው እንዳልል በጡረታ ከተገለልኩ ከርሜአለሁ፤ ግን እዚህ ላፍቶ የኮንዶሚኒየማችን ዕድር ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሰውም በስሜ መጥራቱን ከተወ ቆይቷል። ትልቁም ትንሹም «ጸሐፊው» ነው የሚለኝ። ባለቤቴ አስካለ ሳትቀር ስትናደድብኝ «አቶ ጸሐፊ» ትለኛለች። ሳትናደድ ምን ትለኝ እንደነበር ጠፍቶብኛል።

ስለ ራሴ ከጀመርኩ አይቀር ስለ እጅ ጽሕፈቴም ትንሽ ልበል። የእኔ ደብዳቤ ወረዳ ሲገባ ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ነው የሚያነበው ይባላል። ማን ነው እንዲህ ያለው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔው ነኝ። ቀን፣ ቁጥር፣ «ጉዳዩ»፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» እላለሁ። ይህችን ሐረግ ካልጻፍኩ እጄ አይፍታታም። መጨረሻ ላይ ክቡ ማህተም የፊርማዬን ግማሽ ሸፍኖ ያርፋል። ማህተሙን ከደረት ኪሴ አላወጣውም፤ ሐኪም ቤት ራጅ ልነሳ ስገባ እንኳ አውልቅ ተብዬ ተከራክሬአለሁ።

በዚህ እጄ ብዙ ሰው ጠቅሜአለሁ። በተለይ ትዳር ላይ ተክኜበታለሁ። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ቤተሰብ ስለ ልጅቷ ጠባይ ሰፈር ውስጥ ሲያጠያይቅ ይከርምና መጨረሻ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። እኔም እመሰክራለሁ። አንገቷን የደፋች ናት፤ ድምጿ አይሰማም፤ ከቤቷ ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ቤቷ ናት እላለሁ። በዚህች ምስክርነት ስድስት ሴት ልጆች ድሬአለሁ። ተመልሳ የመጣችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ጥፋቱ የባልየው ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ወደ ምሕረት ጉዳይ መግባት ስለፈራሁ ነው። እንግዲህ ልግባበት።

ምሕረት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የአቶ ዳልኬ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባትዬው ከወላይታ የመጡ አናጢ ናቸው። ጴንጤዎች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙራቸው በጣሪያችን በኩል ይወርዳል፤ አስካለ ማርያምን ተሳልማ ስትመለስ ዜማውን ይዛ ዕቃ ታጥባለች። ምሕረት ተምራ ተመርቃ የአካባቢ ጽዳት ላይ ትሠራለች። ፈጣን ናት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነው የምትወጣው፤ ስታወራም እንደዚያው ናት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። የውጭ የትምህርት ዕድል ተገኝቷል አለች። እንደ ሌላው ስኮላርሺፕ ግን አይደለም። ወጪውን የሚችለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ተማሪውን የሚልከው የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርጎ ነው። ትማራለህ፤ እየተማርክም በየትምህርት ቤቱ፣ በየሰፈሩ ማኅበር፣ በየአዛውንቱ ክበብ እየዞርክ ስለ አገርህና ስለ ጎረቤትህ ታወራለህ፤ የእነሱንም ትሰማለህ። ስትጨርስ እዚያ መቅረት የለም፤ ተመልሰህ ያየኸውን ለራስህ ሰው ትናገራለህ።

እኔ አምባሳደር የምትለው ቃል ላይ ቆሜ ቀርቼ ሌላውን በግማሽ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ባንዲራ የተተከለበት መኪና ይሰጡሽ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። በአውቶቡስ ነው ጋሼ አለችኝ። በአውቶቡስ የሚሄድ አምባሳደር ደስ አላለኝም፤ ግን የሰው አገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ከእሷ የሚፈለገው ከሰፈሯ ሰው ጋር የሠራችውን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ደግሞ የሚያውቃት የሰፈር ሽማግሌ ወይም ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ማህተም ያለው፣ የታሸገ፣ አመልካቿ የማታየው።  ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ምሕረት ቀስ የምትለው ነገሩ የልቧ ሲሆን ነው።

«ጋሼ፣ በጥር ሠላሳ ዓመት ይሞላኛል። ከዚያ በላይ አይቀበሉም። ይኼ ካለፈኝ አለቀ።»

አታስቢ አልኳት። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጽፈው አልኳት። እውነትም ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። አስካለ ሽንኩርት እየላጠች ምን ልትጽፍ ነው አለችኝ። ስለ ጠባይዋ አልኳት። «የላሟን ጻፍ» አለችኝ።

የላሟን ነገር ለማታውቁ ላውራችሁ። ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሰው አሉ። ላፍቶ ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን እኛ አሁን መኪና የምናቆምበት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን የቀራቸው ግቢያቸውና ሦስት ላሞች ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ቡሬ ትባላለች፤ ዥጉርጉር ናት፤ አጥር አይበግራትም። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ኮሚቴ አቋቁመን፣ ንግግር አድርገን፣ ፎቶ ተነስተን የተከልነውን ችግኝ ቡሬ በአንድ ጠዋት አጣጣመችው። እኛም ተናደን ጎትተን የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ቆለፍንባት። ቁልፉ በማን ኪስ ገባ? በእኔ ኪስ፤ ከማህተሙ አጠገብ።

የጋሽ ቱፋ ልጆችና ዘመዶች ዱላ ይዘው መጡ። የእኛም ወንዶች የመወልወያ እንጨት ይዘው ወረዱ። እኔ መሃል ቆሜ ስለ ሕግ የበላይነት እያስረዳሁ ነበር፤ ማንም አይሰማኝም። ምሕረት ከሥራ ስትመለስ ደረሰች። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣች። እኛን በአማርኛ፣ እነሱን በኦሮምኛ፣ መሃል ላይ ዱላ የጨበጠውን የእኛን ዘበኛ ደግሞ በወላይትኛ ተቆጣችው። ድምጿ ጎፋ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ለእኔም ደረሰኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝና ዝም ይበሉ፤ ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ» አለችኝ። ሰጠኋት። ተራዬ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

የላሟን ገመድ ይዛ፣ ሕዝቡን አስከትላ፣ እስከ ጋሽ ቱፋ በር ወሰደቻት። እዚያው በር ላይ ተነጋገርን። ከዚያ ወዲህ እኛ የድንችና የጎመን ልጣጩን በበርሜል እያጠራቀምን ለላሞቹ እንሰጣለን፤ እሳቸው ፍግ ይሰጡናል፤ ችግኙ እንደገና ተተክሎ ዛሬ ከእኔ ይረዝማል። ወተታቸው ጠዋት ጠዋት ደረጃችን ድረስ ይመጣል። ጋሽ ቱፋም ዕድራችን ገቡ፤ የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ።

አስካለ ይህን ጻፍ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ቤት ገብቼ የተናገርኩት ትዝ ይለኛል፤ «ይቺን ልጅ ማን ያገባታል» ነው ያልኩት። ስለዚህ አስካለን ገሠጽኳት። አንቺ ሴትዮ የልጅቷን ስም ልታጠፊ ነው ወይ፣ ሳጥን ላይ ወጥታ ወንድ ተቆጣች ብዬ በማህተም ልጻፍ ወይ አልኳት። ሰው የሚወደውን ሰው ገመና ይሸፍናል እንጂ ባሕር ማዶ ይልካል ወይ አልኳት። አስካለ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች። ስትሄድ አቶ ጸሐፊ ያለችኝ መሰለኝ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። ቀሪው ግልባጭ ፋይሌ ውስጥ ስላለ ቃል በቃል ነው የምሰጣችሁ።

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ወ/ሪት ምሕረት ዳልኬ በዕድራችን አባላት ዘንድ በመልካም ጠባይዋ የተመሰገነች፣ አንገቷን የደፋች፣ በዘጠኝ ዓመት ጉርብትና ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያልተሰማች፣ በሰው ጉዳይ የማትገባ፣ ወንዶች በተሰበሰቡበት የማትቆም፣ ከቤቷ ሥራ ቦታ ከሥራ ቦታ ቤቷ ከመመላለስ በቀር ሌላ መንገድ የማታውቅ ጨዋ ልጅ መሆኗን እያረጋገጥን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት በትሕትና እንጠይቃለን።»

አንብቤ ስጨርስ ሆዴ ባባ። እንዲህ ያለች ልጅ ብትኖረኝ ምን አለ ብዬ ተመኘሁ።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ መሆን ስላለበት ሰኞ ዕለት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለው የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ወሰድኩት። ተርጓሚዋ ወጣት ናት። አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና አነበበችው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅቷን አሟት ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ምኗን ነው የሚያማት አልኳት። ተርጓሚዋ ደንግጣ ማስረዳት ጀመረች፤ በእንግሊዝኛው ሲነበብ ከቤት እንዳትወጣ የከለከሏት ሰው ነው የሚመስለው፣ ከፈለጉ ትንሽ ላለሳልሰው አለች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማኝ፤ የእኔን ደብዳቤ በሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሥራ ውስጥ ሚኒስትር እንኳ አላረመውም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሚኒስትር ዘንድ ደርሶም አያውቅ። ምስኪኗ ልጅ እሺ ብላ አንዲት ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው። ማህተሜን አሳረፍኩበት፣ ፖስታውን አሸግኩት፣ ማሸጊያው ላይም ሌላ ማህተም ጨመርኩ። ለምሕረት ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥፋቴ የአንድ ደብዳቤ ጥፋት ይሆን ነበር። ግን እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ የምተው ሰው አይደለሁም።

ከሳምንታት በኋላ ጠዋት ላይ ስልኬ ጠራ። ድምጿ የለሰለሰ ሴትዮ ናት፤ ከማኅበሩ ነው የምደውለው፣ የጻፉትን ለማረጋገጥ ነው አለችኝ። ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። ምሕረት የማታውቃቸው ሰዎች ፊት ቆማ መናገር ትችላለች ወይ አለችኝ። ኧረ በጭራሽ አልኳት፤ እንኳን ከማታውቀው ከእኛም ጋር ቀና ብላ አታወራም። ብቻዋን ራቅ ያለ ቦታ ሄዳ ታውቃለች ወይ አለችኝ። በምን ዕድሏ አልኳት፤ ወላጆቿ ሳይፈቅዱ ከደጅ አትወጣም። ከሰው ጋር ባትስማማ ምን ታደርጋለች አለችኝ። ዝም ነው የምትለው አልኩ፤ ይህችን እንኳ ከልቤ በኩራት ነው ያልኳት።

ሴትዮዋ ቀጥላ ስለ አንዲት ላም ጉዳይ የሚያውቁት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

 ወሬው እዚያ ድረስ ደረሰ ማለት ነው አልኩ በሆዴ፤ የሆነ ምቀኛ ሄዶ ነግሯቸዋል። ልጅቷን ማዳን አለብኝ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የምን ላም?» አልኳት። «እኛ ሰፈር ላም የሚባል ነገር የለም።»

ይህን ስል አስካለ ማድቤት ውስጥ የቡሬን ወተት እያፈላች ነበር። ከበሩ ብቅ ብላ አየችኝ። እጄን አወዛውዤ መለስኳት። ሴትዮዋ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋች፤ እኔም ስልኩን አስቀምጬ ይህችን ልጅ ከጉድ አወጣኋት ብዬ ተቀመጥኩ። ወተቱን ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ለቃለ መጠይቅ መጠራቷን የነገረችኝ በዚያው ሰሞን ነው። ደረጃው ላይ አስቁሜ መከርኳት። ልብስሽ ረዘም ያለ ይሁን፣ ዓይን ዓይናቸውን አትዪ፣ ሲጠይቁሽ ቶሎ አትመልሺ፣ ከተቻለ አንቺ አትናገሪ አልኳት። ሳልናገር በምን ያውቁኛል ጋሼ ብላ ሳቀች። ደብዳቤው ይናገርልሻል አልኳት። እናቷ ያን ሳምንት በጾም በጸሎት ነው የሰነበቱት፤ አቶ ዳልኬም ይሳካላታል ብለው ለጉዞዋ የሚሆን ትልቅ የእንጨት ሳጥን በእጃቸው መሥራት ጀምረው ነበር። አውሮፕላን የእንጨት ሳጥን አይቀበልም ብሎ የሚነግራቸው ጠፋ።

ከዚያ ወሬ የለም። አንድ ቀን ጠዋት የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆማ አገኘኋት። እንዴት ሆነልሽ አልኳት። አልሆነም ጋሼ፣ ሌላ ሰው ወሰዱ አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ለደብዳቤው ግን እግዜር ይስጥልኝ አለችኝና ተራዋ ደርሶ ገባች።

እንዴት ቆሌዬ እንደተነሳ! ቤቴ ተመልሼ አቤቱታ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ በማን ተተካች፣ መስፈርታችሁ ምንድን ነው፣ ዕድራችንን መናቅ ነው ወይ የሚል። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ መሃል ከተማ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሴትዮ ድምጿን ስሰማ አወቅኳት፤ የስልኳ ናት። ስሜን ስነግራት እሷም አወቀችኝ። አቤቱታዬን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝና ምንም ሳትቆጣ አንድ ማህደር አውጥታ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንደኛው የእኔ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ምሕረት የጻፈችው ነው።

«አባቴ፣ ለእኛ የደረሰን የሁለት ሰው ማመልከቻ ነው» አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። ጽሑፏን አንብበው ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋት ነበር። የፈለጉት እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ በሁለት ጎረቤት መሃል ገብቶ፣ የሁለቱንም ቋንቋ አውቆ የሚያስታርቅ። ስለ ላሟም፣ ስለ ልጣጩም፣ ስለ ችግኙም ጽፋለች። ወደ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ጣቷን አስቀምጣ አንድ መስመር ተረጎመችልኝ። ምሕረት የጻፈችው፣ ጠቡን ያበረደው የዕድራችን ጸሐፊ ነው፣ እሳቸው ቁልፉን ባይሰጡኝ ኖሮ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር ብላ ነው።

መስመሩን አየሁት። እንግሊዝኛው ባይገባኝም አየሁት።

እኔ ግን በማህተሜ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም ብያለሁ። በስልክ ደግሞ ሰፈራችን ላም የለም ብያለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ይህንኑ ነገሯት፤ አስታረቁ ያልሻቸው ሰው ላም የለም ብለውናል፣ እውነቱ የቱ ነው አሏት። አቀርቅራ ቆየች አለችኝ ሴትዮዋ። ደግመው ጠየቋት። «ጸሐፊው ትልቅ ሰው ናቸው» ብቻ አለች። ስለዚህ ታሪኩን ፈጥራ ነው የጻፈችው ብለው ደመደሙ። ማህደሯ ላይም እንደዚያ ተብሎ ተመዝግቧል።

ልጅቷ እውነቷን ነው አልኳት። እንግዲያው ደብዳቤው ውሸት ነው ማለት ነዋ አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ የማልረሳው ጅልነት ተናገርኩ፤ «ደብዳቤው ውሸት አይደለም፤ ሙገሳ ነው» አልኩ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ምርጫው አልቋል፣ ያለፈው ልጅ ቪዛውን ጨርሷል አለች። ለሚቀጥለው ዓመትስ ስላት ፎርሙ ላይ የልደት ቀኗን አሳየችኝ። ማስተካከያ ጽፈው ቢያመጡ ከማህደሯ ጋር አያይዝልዎታለሁ፣ ውጤቱን ግን አይለውጥም አለችኝ። ቢያንስ ዋሽታለች የሚለው ይነሳላታል። አቤቱታዬን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ክራባቴን ደረጃው ላይ ፈታሁት።

በማግስቱ እነ አቶ ዳልኬ ቤት ወጣሁ። እናቷ እንደ ቤተ ዘመድ ተቀበሉኝ፤ ጌታ ያላለው ነው፣ እርስዎ ግን የሚችሉትን አድርገዋል ብለው አመሰገኑኝ። ሳጥኑ ጥግ ላይ ነበር፤ የክረምት ብርድ ልብስ ተከቶበታል። ያቀረቡልኝን ሻይ ሳልነካ ተሰናበትኩ። ስነሳ ምሕረት ልትሸኘኝ እስከ እኛ ፎቅ ደረጃውን አብራኝ ወረደች። እዚያ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ደብዳቤውን፣ ስልኩን፣ ላም የለም ማለቴን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ነገሩን ቀድማ ታውቀዋለች፤ ደብዳቤውን እዚያው አንብበውላት ኖሯል።

ታዲያ ለምን አትናገሪም ነበር አልኳት።  ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዝም ይበሉ ያልሽኝ ልጅ፣ እዚያ አፍሽን ምን ያዘው አልኳት።

«ያኔ ፊት ለፊቴ ነበሩ ጋሼ፤ ይመልሱልኝ ነበር» አለችኝ። «በሌሉበት እንዴት ብዬ ይዋሻሉ ልበል? ስሜን ሊጠብቁልኝ እንደሆነ'ኮ ገብቶኛል።»

 ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብዬዎታለሁ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደረጃውን አንድ አንድ እያለች ነው የወጣችው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ስትሳደብ ያምርባት ነበር።

ማስተካከያውን ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀደድኩት። ሙገሳ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሆነውን መጻፍ ግን ለካ አልለመድኩትም። አስካለ አጠገቤ ተቀምጣ ያለፍኩትን ሁሉ ታስታውሰኝ ነበር፤ ሳጥኑን ጻፍ፣ ወላይትኛውን ጻፍ፣ አንተን መቆጣቷን ጻፍ አለችኝ። ጻፍኩ። የእኔ ፊርማ ብቻውን ከእንግዲህ ስለማይታመን ምስክር ያስፈልገኛል፤ ከሁሉም የተሻለው ምስክር ደግሞ የላሟ ባለቤት ናቸው።

ጋሽ ቱፋን ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡሬ ከአጠገባቸው የእኛን የጎመን ልጣጭ ታኝካለች። የማንን ጉዳይ እንደያዝኩ ለመናገር አፈርኩ። ስለ አንዲት የሰፈራችን ልጅ የጻፍኩት ደብዳቤ ስሕተት ነበረበትና ማስተካከያውን አብረውኝ ይፈርሙልኝ አልኳቸው። ጋሽ ቱፋ ያልሰሙትን ነገር የሚፈርሙ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ የተበላሸውን አንብብልኝ፣ ከዚያ የታረመውን እሰማለሁ አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማንበብ አይችሉም።

ቀሪውን አወጣሁና ስሟን ዘልዬ አነበብኩላቸው። አንገቷን የደፋች፣ ድምጿ ያልተሰማ፣ በሰው ጉዳይ የማትገባ፣ ወንዶች በተሰበሰቡበት የማትቆም፣ ሌላ መንገድ የማታውቅ። እስከ ማህተሙ ድረስ አነበብኩ። ጋሽ ቱፋ ዱላቸውን ተደግፈው በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ልጅ ናት» አሉኝ። «የማን ልጅ ናት? እኔ አላውቃትም።»